ልጆቼን ሱቅ የሚልክልኝ ሰው አለ?

ክረምት ሲቃረብ የሚደርሰኝ ደብዳቤ ሁሉ ከውጭ አገር ልጆችን ይዞ ወደ አገር ቤት ስለ መምጣት ነው። ዘንድሮ ሦስቱን አንድ ላይ አወጣኋቸው። ሁለቱ ከሚመጡ ሰዎች ናቸው፣ አንዱ ከሚቀበል። ሳይተዋወቁ ስለ አንድ ነገር ነው የጻፉልኝ።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፣ አሁን ሽቱትጋርት ነው የምኖረው። የ12 ዓመት ሴትና የ8 ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ለሦስት ሳምንት ይዣቸው መጥቼ ነበር። ሆቴል አረፍን፣ በየቀኑ አንድ ዘመድ ቤት ተጠራን፣ በየቤቱ ዶሮ ቀረበ፣ ልጆቼ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ስልክ ሲነካኩ ጊዜው አለቀ። ስንመለስ አስተማሪዋ ኢትዮጵያ እንዴት ነበር ብትላት ልጄ «ብዙ ሰው ሳመኝ» አለቻት፤ በቃ፣ ሌላ የምትለው አጣች። አንጀቴን በላኝ። ዘንድሮ ከሐምሌ ማብቂያ እስከ ጳጉሜን ስድስት ሳምንት እናቴ ግቢ ልንቀመጥ ነው። ባለቤቴ አዲስ አበባ ያደገ ስለሆነ «ስድስት ሳምንት ሙሉ ደብረ ብርሃን ምን ይሠራል? ላሊበላና ጎንደር እንሂድ» ይላል። እኔ የምፈልገው ልጆቼን ሱቅ የሚልክልኝ ሰው ነው። አበዛሁት እንዴ?

መልስ፦ ኧረ ምንም አላበዛሽም እህቴ። ግን ከባለቤትሽ ይልቅ የምታስቸግርሽ እናትሽ ናት። የልጅ ልጅ ከባሕር ማዶ መጥቶ መጥረጊያ ሊይዝ? ጎረቤት ምን ይላል? እሷ እያለች ልጆችሽ ውሃ እንኳን ራሳቸው ቀድተው አይጠጡም። እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ ነው፣ ሲያድር ብር፣ ሲሰነብት ጨርቅ ይላሉ። ያለፈው ጊዜ ልጆችሽ ሦስቱንም ሳምንት ወርቅ ሆነው ተመለሱ። ዘንድሮ ቶሎ ጨርቅ እንዲሆኑ ነው የምንፈልገው።

ስለዚህ እናትሽን መጀመሪያ ላይ አትከልክያት። በጉን ታሳርድ፣ ትጋብዝ። ዘመዱን ሁሉ ግን በአንድ እሑድ ግቢያችሁ ጠርተሽ ጨርሺው፤ በየቤቱ እየዞርሽ ምሳ ከበላሽ ስድስት ሳምንቱ እዚያው ያልቃል። ቀኑን አስቢበት ደግሞ፣ ከሐምሌ ማብቂያ በኋላ ፍልሰታ ነው የሚገባው። ነሐሴ 1 ጾሙ ሲያዝ ዶሮውም በጉም ያበቃል፤ ቤቱ ወደ ሽሮና ምስር ይመለሳል፣ ግብዣውም በራሱ ጊዜ ይበርዳል። ብዙ ዲያስፖራ «ጾም ላይ ደረስን» እያለ ሲያማርር እሰማለሁ። ላንቺ ዓይነቷ እናት ግን ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ለ15 ቀን ማንም እንግዳ አይደለም፣ ሁሉም ያለውን ነው የሚበላው። ፍልሰታን ደግሞ ሕፃናት ሳይቀሩ ይጾሙታል፤ ልጆችሽ ባይጾሙ እንኳን የጎረቤት እኩዮቻቸው ቅዳሴ እስኪያልቅ አፋቸውን ሳይሽሩ ሲጠብቁ ያያሉ። የአንዱ ልጅ ሆድ ሲጮህ ሁሉም ይስቃል። ያኔ ጥያቄ ይመጣል፣ ጥያቄ ከመጣ ደግሞ ስልኩ ተረስቷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ከእናትሽ ጋር ቁጭ በይና ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቋሚ ሥራ አስመድቢ። ቋሚ ያልኩት አውቄ ነው፤ አንድ ቀን ተሞክሮ ፎቶ ተነስቶ የሚተው ሥራ ጨዋታ ነው። ለትንሹ እኔ የምሰጠው ቡና መጥራትን ነው። በየቀኑ ቡና ሲፈላ ሦስት አራት በር አንኳኩቶ «ቡና ጠጡ ተብላችኋል» ይበል። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት፣ በሁለተኛው ቀን ይለምዳታል። በሳምንቱ የጎረቤቱን ሁሉ ስም ያውቃል፣ የማን ውሻ እንደሚጮህ ያውቃል፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈም ሳይቀር ያውቃል፤ ምክንያቱም አንዷ «እሷ ከመጣች እኔ አልመጣም» ትለዋለች፣ እሱ ደግሞ ይህንኑ እንዳለ ለአያቱ ያደርሳል። እዚያ ላይ አትግቢ። ከአቦል እስከ በረካ አብሮ ይቀመጥ፣ ስኒ ያቀብል፣ ቆሎውን ያዙር።

ለልጅሽ ወፍጮ ቤት። ከጎረቤት ልጅ ጋር እህሉን አስጭነሽ ላኪያት። ወረፋ ትጠብቅ፣ ጩኸቱን ትስማ፣ ቅንድቧ ነጭ ሆኖ ትመለስ። ከመሄዷ በፊት ደግሞ እህሉን ትልቀም፤ ምስርም ጤፍም ገብስም ለቅማ ስታውቀው ነው ሳህን ላይ የምትለየው። የእኛ አገር የገብስ አገር መሆኑን አንቺ ታውቂያለሽ፣ እሷ ግን አታውቅም። በሶው፣ ቆሎው፣ ቅንጬው፣ ጠላው ሁሉ ከዚያ እንደሚመጣ በእጇ ትድረስበት። (ጠላውን በዓይን ብቻ! አያቶች «ትንሽ ቅመሺ» ማለት ይወዳሉ። አረቄው ደግሞ ጭራሽ አጠገባቸው አይድረስ።)

ሱቁን ሁለቱም በተራ ይሂዱ። እዚያ ላይ የሚጠብቅሽ ችግር ሰዓት ነው። ባለሱቁ «ዳቦ ሁለት ሰዓት ላይ ይመጣል» ሲላቸው ከሰዓት በኋላ ይሄዳሉ። እኛ ቀኑን ከንጋት 12 ሰዓት ጀምረን እንደምንቆጥር በመጀመሪያው ቀን በደንብ አስረጂያቸው፣ ቢሆን አንድ የግድግዳ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር አስተካክለሽ ስቀዪ። ዘመኑም እንደዚያው ነው። ትንሹ ልጅሽ የተወለደበት የፈረንጅ ዓመት እዚህ ገና አሁን እየተቆጠረ ነው፤ ይህን ስትነግሪው ቀኑን ሙሉ ሲስቅ ይውላል።

ስለ አነጋገርም አንድ ነገር። ወንድ ልጅሽ አያቱን «አንቺ»፣ ቄሱን «አንተ» ማለቱ አይቀርም። ማንም አይቆጣውም፣ እንዲያውም ይስቁለታል። ችግሩ ሳቁ ነው፤ የሚሳቅበት ልጅ ዝም ይላል። ከመምጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ብቻ አስጠኚው፦ «እንደምን አደሩ»፣ «እርስዎስ»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን»። ትልቋ ደግሞ ፊደል ትያዝ። 33ቱን ፊደላት ለስድስት ሳምንት ብታካፍያቸው በሳምንት ስድስት እንኳን አይሞሉም። የክረምት ትምህርት የሚማሩ የሰፈር ልጆች አይጠፉም፣ ከእነሱ ጋር አብራ ትቀመጥ። ለብቻዋ አስጠኚ ቀጥረሽ ቤት ካስመጣሽላት ግን ተመልሳ ወርቅ ሆነች።

ቡሄ ላይ መድረሳችሁ ደግሞ መታደል ነው። ነሐሴ 12 ማታ ትንሹን ከሰፈር ወንዶች ጋር ልቀቂው። ዱላ ይያዝ። አማርኛው አይበቃም ብለሽ አትጨነቂ፣ ተቀባይ ከሆነ የሚጠበቅበት «ሆ!» ማለት ብቻ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ጀርመንኛም ይበቃል። ሙልሙሉንና ብሩን ሲካፈሉ የሚነሳውን ጭቅጭቅ አንቺ እንዳትዳኚ። ጅራፍ ማስጮህ ይሞክር፣ የራሱን እግር አንድ ሁለቴ ይገርፋል፣ ይለምዳል። ልጅቷ ዕንቁጣጣሽ ያመልጣታል፣ ግን የሰፈር ሴቶች ልጆች አበባየሆሽን ቀደም ብለው ነው የሚለማመዱት። ጳጉሜን 3 ቀን እዚህ ከሆናችሁና ዝናብ ከጣለ ልጆቹን አስወጪያቸው። የሩፋኤል ዝናብ ጸበል ነው፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እየጮኸ ይጠመቃል። ብርዱ ግን የደብረ ብርሃን ብርድ ነው፤ ፎጣና ትኩስ ሻይ አዘጋጂ።

ብርድ ካነሳን አይቀር፦ ለልጆችሽ የበጋ ልብስ ጭነሽ እንዳትመጪ። «ሐምሌና ነሐሴ» ሲባል ጀርመን ያደገ ልጅ መዋኛ ነው የሚያስበው። እኛ ጋ ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ላይ ዝናብ፣ ጭቃና ጉም ነው። የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን አይደርቅም። የጭቃ ቦት ጫማ እዚሁ ይገኛል። ብርድ ልብስ እንዳታመጪ ብዬ አልነግርሽም፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ከተማ ልጅ ነሽ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት ትንፋሽ ሊያጥራቸው፣ ራሳቸውን ሊያማቸው ይችላል፤ ከአዲስ አበባም ከፍ ያለ ቦታ ነውና ቀስ ይበሉ፣ ውሃ ይጠጡ። ባለቤትሽ ደግሞ «ባቄላው ለምን አይበስልም» ብሎ ሲያማርር ውሃ እዚህ ከፍታ ላይ 90 ዲግሪ አካባቢ እንደሚፈላ ንገሪው፤ ድስቱ ቢንተከተክም ሙቀቱ ጀርመን ካለው ያንሳል።

ስለ ባለቤትሽ ጉብኝት። ሰውየው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፣ ስድስት ሳምንት አንድ ግቢ ውስጥ መቀመጥ ለእሱ ከባድ ነው፤ ያንቺ እናት ናት፣ የእሱ አማት። ሁለት ሦስት ቀን ስጪው። አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረውን ኮረብታ ወጥታችሁ ትመለሳላችሁ። ጣርማበር ላይ ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረው ዋሻ አለ፣ ክረምት ላይ ጉሙ የመኪናውን አፍንጫ እንኳን አያሳይም፣ ልጆች ግን ይወዱታል። ወረድ ስትሉ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ይከቡታል። መንዝ ጓሳ ከሄዳችሁ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን ብቻ አይታችሁ እንዳትመለሱ። ጓሳ የሚባለው ሣሩ ራሱ ነው፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ የዝናብ ገሳ ይሠራበታል። የአካባቢው ሰው ሣሩን ለዘመናት የሚዘጋበትና የሚከፍትበት የራሱ ሥርዓት ነበረው፣ ሣሩና አውሬው እስከዛሬ የቆየውም በዚሁ ነው። ልጆቹ ይህን ከእረኛ አፍ ይስሙ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ቀልድ የሌለበት። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ክልላችን ያለበትን የጸጥታ ሁኔታ ታውቂያለሽ። መንገድ ዛሬ ክፍት ነው ማለት ነገ ክፍት ነው ማለት አይደለም። ካርታ አይተሽ ቀን አትቁረጪ፤ በወጣችሁበት ጠዋት መናኸሪያ ሄዳችሁ ከዚያ መስመር የመጣ ሹፌር ጠይቁ። ካመነታ ተመለሱ፣ ቡናችሁን ጠጡ። ላሊበላንና ጎንደርን በዚህ ዙር ብትተዋቸው እኔ አላዝንም። የ8 ዓመት ልጅ ከሦስተኛው ቤተ ክርስቲያን በኋላ ሁሉም አንድ ይሆንበታል።

ጥያቄ፦ እኛ ደግሞ ከለንደን ለሁለት ወር ወደ ሰሜን ሸዋ እንመጣለን። ልጆቻችን የእንግሊዝ ፓስፖርት ነው ያላቸው። ልጆቹ እንደ አገሬው ልጅ ይኑሩ እላለሁ፣ ግን ስለ ውሃ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ በሽታ ሳስብ ሆዴ ይርበተበታል። ምን ላይ ልቀቅ፣ ምን ላይ ላክርር?

መልስ፦ በጭቃው ልቀቅ። በአቧራው፣ በቁንጫው፣ ወድቆ ጉልበት በመላጥ ልቀቅ። በአራት ነገር አክርር።

ውሃ፦ የታሸገ ወይም የፈላ። ወተትም ላሟ የአጎትህ ብትሆንም ይፈላ። ሥጋ፦ ጥሬ ለልጅ የለም፣ ዘመድ ቢቀየምም የለም። ኮሶ ከጥሬ የበሬ ሥጋ ነው የሚመጣው፣ ለዘመድ ብለህ ትል ይዘህ አትመለስ። ውሻ፦ ይህችን አስምርባት። ለንደን ያደገ ልጅ ውሻ ሲያይ ሊደባብስ ይሮጣል፣ እዚህ ግን የእብድ ውሻ በሽታ አለ። እንዳይነኩ ከአውሮፕላን ሳይወርዱ ንገራቸው። ከተነከሰ ወይም ከተቧጠጠ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ እጠበው፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ውሰደው፤ «ትንሽ ናት» ብሎ ማሳደር የለም። ከመነሳትህ በፊትም ስለ ክትባቱ ሐኪማችሁን ጠይቅ። አራተኛው ወባ ነው። ደብረ ብርሃንና መንዝ ደጋ ስለሆኑ ወባ አያሰጋህም። ሸዋ ሮቢት ግን ከደብረ ብርሃን በ100 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ቆላ ናት። እዚያ የምታድሩ ከሆነ አጎበር የግድ ነው። ብዙ ሰው «ሰሜን ሸዋ ብርድ ነው» ብሎ እዚህ ላይ ይሸወዳል።

ስለ ፓስፖርቱ፦ ልጆቹም፣ የውጭ ፓስፖርት ከያዛችሁ እናንተም፣ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ብታወጡ ይሻላል። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ከወላጁ፣ ከአያቱ ወይም ከቅድመ አያቱ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ የውጭ ዜጋ ሊያወጣው ይችላል፤ ካርዱ ካለህ ለመግባት ቪዛ አያስፈልግህም። ኤምባሲ ቀደም ብለህ ሂድ፣ መጨረሻ ሳምንት ላይ አትሩጥ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። ወንድሜ ከነሚስቱና ከነሦስት ልጆቹ ከካናዳ ለሁለት ወር እኛ ቤት ሊያርፍ ነው። ባለቤቴ ተበድረን ሶፋ እንቀይር፣ ቀለም እንቀባ፣ ከጓሮ ያለውን ኩበትም ሰው ሳያይ እናውጣ ትላለች። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም ቤቴ ያሳፍራቸዋል ብዬ ሰግቻለሁ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ጋሼ፣ በመጀመሪያ አይበደሩ። ሁለት ወር ማለት እንግድነት አይደለም፣ አብሮ መኖር ነው። ለሁለት ወር የማያልቅ ሶፋ የለም፣ ልጆቹ ይዘሉበታል። ኩበቱም ይቀመጥ። ክረምት ላይ ደረቅ ኩበት ያለው ሰው ሀብታም ነው፣ ይህን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ልጆቹ መጀመሪያ አፍንጫቸውን ይይዛሉ፣ ከዚያ ምጣድ ሲሰማበት ያያሉ፣ ከዚያ ራሳቸው ያቀብላሉ።

ገንዘብ የሚወጣበት አንድ ነገር ካለ ሽንት ቤቱ ነው። አፌን ሞልቼ የምናገረው የደረሰብኝ ስለሆነ ነው። የእህቴ ልጅ ከውጭ የመጣች ጊዜ ጉድጓዱን ፈርታ ሁለት ቀን ሙሉ ይዛ ቆየች፣ ሆዷን ሲያማት ምግብ ነው ብለን ሐኪም ቤት ወሰድናት። ሐኪሙ አንድ ጥያቄ ጠየቃት፣ እሷ አለቀሰች፣ እኛ አፈርን። በማግስቱ አናጢ ጠርቼ መሐሉ ክፍት የሆነ የእንጨት መቀመጫ አሠራሁ። ለማታ መብራት፣ ባልዲ ሙሉ ውሃና ሳሙና ጨመርኩ። አለቀ።

ወጪውን ደግሞ ከወንድምዎ ጋር በግልጽ ይነጋገሩ። ነውር አይደለም። «አስቤዛውን እናንተ ያዙ፣ ቤቱን እኔ እይዛለሁ» ይበሉት። እሱም በልቡ እንዴት እንደሚሰጥዎ ሲጨነቅ ነው የሚከርመው። ዝም ካሉት መጨረሻው ቀን ላይ በፖስታ አድርጎ ይሰጥዎታል፣ እርስዎም «አልቀበልም» ይላሉ፣ በር ላይ ስትጓተቱ መኪናው ይሄዳል። ሚስቱም ወጥ ቤት ትግባ፣ ባለቤትዎ አይከልክሏት፤ እጇን አጣምራ ሁለት ወር የተቀመጠች ሴት ተመልሳ መምጣት አትፈልግም።

ልጆቹን ይላኳቸው። ሱቅ ይላኳቸው፣ ጎረቤት ይላኳቸው፣ መብራት ሲጠፋ ሻማ እንዲያመጡ ይላኳቸው። ቢሳሳቱ ተመልሰው ይሂዱ። አንድ ሽማግሌ ልጅን ሲልክ አያፍርም፣ መምህር ደግሞ ጨርሶ አያፍርም።

የእህቴን ልጅ አንስቻለሁና ስለ ወንድሟም ልንገርዎ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ስኳር፣ ክብሪት፣ ሳሙና የሚያመጣው እሱ ነበር፤ አንድ ቀን ብር ይዞ መሄድ ረስቶ «ዱቤ» የሚባል ነገር እንዳለ ደረሰበት። ከዚያ በኋላ እኛን መጠየቅ ተወ። ብስኩቱን፣ ማስቲካውን፣ ለጓደኞቹ ኳስ ማስነፊያውን ሁሉ በራሱ ስም ያስጽፍ ነበር። እኛ ያወቅነው ከሄደ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ባለሱቁ ደብተሩን ገልጦ አሳየኝ፤ ከእኔ ስም በታች፣ ከጎረቤቶቼ ስም መሐል፣ የእሱ ስም ተጽፏል። ቀሪ 42 ብር። ልከፍል ስል ባለሱቁ እጄን መለሰው። «ተይው፣ ሲመጣ ይከፍላል» አለኝ።

በስልክ ነገርኩት። በየሳምንቱ እየደወለ ባለሱቁ ስሙን ሰርዞት እንደሆነ ይጠይቀኛል።